ፈረሱ ብረት የሆነ ሽፍታ



ልጅ ሳለሁ እዚሁ ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቤት መባሉ እንኳ ይበዛበት ይሆናል፤ የጭቃ ግድግዳው በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት፣ ከፊት ለፊት አንዲት ቴሌቪዥን ከፍ ብላ የተቀመጠችበት ክፍል ነው። መግቢያው አንድ ብር። ፊልሙ ሲጀመር የደረሰ ከመጀመሪያው ያያል፤ መሃል ላይ የደረሰ ከመሃል ያያል። ስለ ርእስ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። «ዛሬ ምንድነው?» ሲባል በር ላይ የቆመው ልጅ «አክሽን!» ይላል፤ አለቀ። አያቴ ያንን ቤት «የሰይጣን ቤት» ነበር የምትለው። ለካስ ስሙን ከራሷ አላመጣችውም፤ አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ብርቅ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ለፊልም ማሳያው ያወጣለት ስም ይኸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የገባሁበት ፊልም አስፋልት ላይ የሚጋልቡ ሞተረኞች የሞሉበት ነው። ቆዳ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተንጨባርሯል፣ ይስቃሉ፣ ይጮኻሉ፤ እነሱ ከተማ ሲገቡ ሰው ቤቱን ይዘጋል። ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ፣ እንግሊዝኛው ከእኛ እምብዛም ባይሻልም፣ «አሁን እንዲህ እያለው ነው» እያለ ይተረጉምልናል፤ ግማሹን ከራሱ ይጨምር እንደነበረ የገባኝ ኋላ ነው። እኛ እናጨበጭባለን። የምናጨበጭበው ግን ለፖሊሱ አልነበረም፤ ለሞተረኞቹ ነበር። የፖሊሱን ሚስትና ሕፃን ልጁን አስፋልት ላይ በሞተር እስኪደፈጥጧቸው ድረስ አጨበጨብን። ከዚያ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያንኑ ፊልም በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሳገኘው «ማድ ማክስ» መሆኑን ዐወቅሁ። በ1979 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ ጆርጅ ሚለር የተባለ፣ በሙያው ሐኪም የሆነ ሰው፣ ከ400 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በማይበልጥ ገንዘብ የሠራው ነው። አሜሪካ ሲገባ ደግሞ የተዋንያኑ አነጋገር ለአሜሪካኖች አይገባም ተብሎ በሌላ ድምፅ ተለውጦ ታየ። ስለዚህ ያ ጎረምሳችን ያደረገውን ታላላቆቹ አከፋፋዮችም አድርገውታል ማለት ነው። የሆነ ሆኖ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ለመሆኑ ለምን ለወንበዴዎቹ አጨበጨብን? ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከፊልም ሳይሆን ከአንድ ፎቶግራፍ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ በሐምሌ 1947 (እ.ኤ.አ.)፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆሊስተር በምትባል፣ ነዋሪዋ 4,500 ያህል በሆነ ትንሽ ከተማ፣ ለበዓልና ለሞተር ውድድር ተብሎ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሞተረኛ ተሰበሰበ። ብዙዎቹ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወጣቶች ናቸው። ከተማዋ የነበሯት ፖሊሶች ሰባት። ጠጡ፣ ሰከሩ፣ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ያዙ፣ ጥቂቶቹ ታሰሩ። ሰው አልሞተም። ነገር ግን «ላይፍ» የተባለው መጽሔት አንድ ወፍራም ሰካራም ሞተር ላይ ተንፈላስሶ፣ ከጎማው ሥር ባዶ ጠርሙሶች ተበትነው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በትልቁ አወጣ። ጠርሙሶቹን ከየአቅጣጫው ሰብስበው የደረደሯቸው ፎቶውን ያነሱት ሰዎች ናቸው የሚል የዓይን ምስክር ቀርቧል፤ ያ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አሜሪካ ያመነው ፎቶውን ነው።

ከዚያ ወሬ አጭር ልብ ወለድ ተወለደ፤ ከልብ ወለዱ ደግሞ በ1953 ማርሎን ብራንዶ የተጫወተበት «ዘ ዋይልድ ዋን» የተባለ ፊልም። ዛሬ ስናየው ወንበዴዎቹ የሰንበት ተማሪ ይመስላሉ። የእንግሊዝ ሳንሱር ግን ወጣቱን ያባልጋል ብሎ እስከ 1967 ድረስ በአገሩ እንዳይታይ ከለከለው። ለአሥራ አራት ዓመት! አንድን ፊልም ከዚህ የበለጠ ሊያስተዋውቅለት የሚችል ነጋዴ ያለ አይመስለኝም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ግን መቅድም ነው። ዋናው ዘመን የሚጀምረው በ1966 ሲሆን ባለቤቱም ሮጀር ኮርማን ነው። ኮርማን በ2024 በ98 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በመቶ የሚቆጠሩ ፊልሞችን የሠራና ያሠራ፣ «አንዲት ሳንቲም አይባክንም» ባይ ሰው ነበር። አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የሚባለው ድርጅት ፊልሞቹን የሚሸጠው በየከተማው ዳርቻ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ለሚያዩባቸው የሜዳ ሲኒማዎች ነበር። ደንበኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ አባቶቻቸው ቤት ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። አንድ ቀን ኮርማን መጽሔት ሲያገላብጥ «ሄልስ ኤንጅልስ» የተባሉት ሞተረኞች የጓደኛቸውን ሬሳ ሲሸኙ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አየ። እንደገና ፎቶግራፍ! ከዚያች ፎቶ «ዘ ዋይልድ ኤንጅልስ» ተወለደ።

ወጪው 360 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የተሠራው «ክሊዮፓትራ» ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ መሆኑን ስናስታውስ፣ በአንዲት ክሊዮፓትራ ሰማንያ የሞተረኛ ፊልም ይሠራ ነበር ማለት ነው። ቀረጻው ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ስቱዲዮ የለም፤ ሁሉም ነገር ደጅ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በእውነተኛ አስፋልት። አጃቢ ሆነው የተጫወቱት እውነተኞቹ ሄልስ ኤንጅልስ ናቸው፤ ሞተሮቻቸውን ይዘው መጥተው የቀን አበል ተከፈላቸው። (ፊልሙ ከወጣ በኋላ ስማችንን አጠፋ ብለው ከሰሱት። በገዛ እጃቸው የተጫወቱትን!) መሪውን ሆኖ ሊጫወት የተመረጠው ጆርጅ ቻኪሪስ ደግሞ ሞተር መንዳት አይችልም ነበርና ቦታው ለሁለተኛው ተዋናይ ለፒተር ፎንዳ ተላለፈ። ፎንዳን ዝነኛ ያደረገው እንግዲህ ሌላ ነገር ሳይሆን የመንጃ ችሎታ ነው። ያ ርካሽ ፊልም ለቬኒስ የፊልም በዓል ተመርጦ ታየ፤ ከወጪውም ብዙ እጥፍ አተረፈ።

ከዚያማ ጎርፉ መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚህ ዓይነት የተሠሩ ፊልሞች በደርዘን ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተራ ናቸው፤ ሞተር ይነሳል፣ ሞተር ይቆማል፣ ድብድብ፣ ቢራ፣ እንደገና ሞተር ይነሳል። አንዱን ብቻ ላንሳ። በ1967 የወጣው «ሄልስ ኤንጅልስ ኦን ዊልስ» ገና ስሙ ያልታወቀ ጃክ ኒኮልሰን ይጫወትበታል። ካሜራውን የያዘው ላስሎ ኮቫክስ ነው። ይህ ሰው በ1956 ሃንጋሪ ላይ የተነሳው ሕዝባዊ ዐመፅ በታንክ ሲደመሰስ፣ ገና የፊልም ተማሪ ሳለ፣ ከጓደኛው ጋር የትምህርት ቤቱን ካሜራ ይዞ ያንን እልቂት ቀርጾ፣ ፊልሙን ተሸክሞ ድንበር አቋርጦ ኦስትሪያ የገባ ስደተኛ ነው። አሜሪካ ሲደርስ ያገኘው ሥራ እነዚህ ርካሽ ፊልሞች ናቸው። ነገር ግን በእሱ ካሜራ መንገዱ ብቻውን አንድ ገጸ ባሕርይ ይሆናል። በ1969 «ኢዚ ራይደር»ን የቀረጸውም እሱ ነው፤ በ400 ሺህ ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ያስገባውን። ስደተኛ ያልሆነ ሰው መንገድን እንዲያ ሊያይ ይችል ነበር? እኔ እንጃ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ አልታሞንት በተባለ ቦታ በተደረገ ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ላይ ጥበቃ የተሰጣቸው ሄልስ ኤንጅልስ አንድ ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ በጩቤ ገደሉ። ሽጉጥ አውጥቶ ነበርና ገዳዩ በፍርድ ቤት ራሱን ሲከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣ። ፊልሞቹ ጥቂት ዓመት ቢቀጥሉም ጣዕማቸው ከዚያ ወዲያ ጠፋ።

እንግዲህ ተመልካቹን ምን ያዘው? «ልቅነት ነው፤ ወጣት ሕግ መጣስ ይወዳል» የሚል መልስ አለ። ይህ የአባቶች መልስ ነው። እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ በሜዳው ሲኒማ መኪና ውስጥ የተቀመጠው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ወይ ፋብሪካ ይጠብቀዋል፣ ወይ ቬትናም። ሁለቱንም የመረጠለት ሌላ ሰው ነው። ሸራው ላይ የሚያየው ደግሞ ከተማው ቦታ የነፈጋቸው ሰዎች ናቸው፤ የራሳቸውን አለቃ መርጠው፣ የራሳቸውን ስም አውጥተው፣ የራሳቸውን ሕግ ደንግገው አንድ ላይ ይጓዛሉ። ወዴት? የትም። «ዘ ዋይልድ ኤንጅልስ» መጨረሻ ላይ የፖሊስ ጩኸት ሲሰማ ሁሉም ሸሽተው መሪው ብቻውን መቃብሩ አጠገብ ይቀራል፤ የሚሄድበት ቦታ እንደሌለ ተናግሮ አፈሩን ይመልሳል። ውድ ፊልም እንዲህ አያልቅም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ጀግናውን ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ድሃው ፊልም ግን የሚመልስበት ቤት የለውም፤ ግድግዳ ለመሥራት ገንዘብ የለማ! ድህነቱ ያልታሰበ እውነት አስገባበት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ ቤት የሚመጣው። ቆዳ ጃኬቱን አውልቀን ለምድ ብናለብሰው፣ ሞተሩን ወስደን ፈረስ ብንሰጠው ያንን ሰውዬ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? ሽፍታ ነው! ዱር ቤቴ ብሎ፣ ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ የወጣ። ስሙ ራሱ ይመሳሰላል። ሞተረኞቹ የእናት የአባታቸውን ስም ጥለው በቅጽል ይጠራራሉ፤ በፊልሙ ውስጥ የሚሞተው ሰው «ተሸናፊ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ነው የሚታወቀው። የእኛም ጀግና በፈረስ ስሙ ይፎክራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። ልዩነቱ የእኛዎቹ ስም ላይ መሸነፍ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው።

ሽፍታና ሌባ ደግሞ በቋንቋችን አንድ አይደሉም። ሌባ ይደበቃል፤ ቀማኛ ይነጥቃል፤ ሽፍታ ግን «ሸፈተ» ነው የሚባለው፣ ከአንድ ነገር ላይ። ፍርድ ተጓድሎበት፣ ርስቱን ተነጥቆ፣ ደም ገብቶ፣ ሹመት ተከልክሎ። ካሣ ኃይሉ የቋራ ሽፍታ ነበር፤ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡታል፤ ከዘረፈው ላይ ለገበሬው ማረሻ መግዣ ሰጠ የሚል ታሪክም ይነገርለታል። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ጫነ። ስለዚህ እኛ አገር ሽፍትነት የትም የማያደርስ መንገድ አልነበረም፤ አንዳንዴ ቤተ መንግሥት ያደርስ ነበር። በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ከጣሊያን ጋር በዱር ተዋግቶ፣ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ያው መንገድ ገመድም ላይ ያደርሳል። በልብ ወለዱም ቢሆን፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ባላገሩን አስተባብሮ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሳውን አበጀ በለውን አይረሳውም። ፊታውራሪው ሲዋረዱ ያልሳቀ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

ኤሪክ ሆብስባውም የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ሰው ስለ እነዚህ ዓይነት ሰዎች «ባንዲትስ» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1969 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ልክ «ኢዚ ራይደር» በወጣበት ዓመት። ድሃው ገበሬ ሽፍታውን የሚወደው የራሱን ቁጣ ስለሚሸከምለት ነው ይላል ሐሳቡ ባጭሩ። መልካም። ግን ዶናልድ ክራሚ የተባለው የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ የእኛን ሽፍቶች ሲመረምር ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ሆነው አገኛቸው፤ ሽፍትነቱም የድሃ በቀል ሳይሆን የሹመት መሰላል። የተዘረፈውስ ማን ነበር? ጎተራው የተገለበጠበት ያው ገበሬ፣ አህያው የተወሰደበት ያው ነጋዴ። ለሽፍታው ተፎክሮለታል፤ ለባለ አህያው ማን ፎከረለት?

ይህን ነገር ፊት ለፊት የነገረችኝ አንዲት የክፍላችን ልጅ ናት። «ዘ ዋይልድ ኤንጅልስ»ን ስድስት ሆነን ስናይ፣ እኔ ስለ መንገዱና ስለ ብርሃኑ ስተነትን ዝም ብላ ቆየችና «ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ምን አለች?» አለችኝ። ፊልሙን መልሼ አየሁት። እውነቷን ነው። ሴቶቹ የሞተሩ ጌጥ ናቸው። በዚያ በቀብሩ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የሟቹ ሚስት ላይ የሚፈጸመው ግፍ ደግሞ ለመጻፍም ይከብዳል፤ ባሏ ሬሳው እንኳ አልወጣም። እኛ ወንዶቹ በለቅሶ ላይ ይህን የመሰለ ነውር ማየቱ ነው የዘገነነን። እሷን የዘገነናት ካሜራው ከድርጊቱ በኋላ ሴትዮዋን ረስቶ ከወንዶቹ ጋር መሄዱ ነው። እኔም ያ የቪዲዮ ቤት ጸጥታ ትዝ አለኝ፤ ልጆች ሆነን ጭብጨባውን ያቆምነው እኮ ተራው የእናትና የሕፃን ሲሆን ነው።

አሁን ደግሞ ከፊልሙ ወጥተን ወደ አስፋልቱ እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣ በሞተር ሳይክል እየታገዘ የሚፈጸም ቅሚያ በዛ ብሎ፣ ለተወሰኑ ሥራዎች ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተሮች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። ቅሚያው ወሬ አልነበረም፤ ስልኩን እያነጋገረ የተነጠቀ ሰው ብዙ ነው። የአጎቴ ልጅ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ በሞተር ዕቃ ያመላልስ ነበር። ስለ ክልከላው ስጠይቀው ብዙ አላማረረም፤ «እኔም አንድ ጊዜ በሞተረኛ ተቀምቻለሁ፤ በእግሬ ስሄድ» አለኝ። ያልረሳው ነገር ሌላ ነው። «ከዚያ በፊት ነው የከፋው» ይላል። «የሞተሬን ድምፅ ሲሰሙ ሴቶች ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። አዛውንት ግድግዳ ይጠጋሉ። እኔ እኮ ዳቦ ነው የጫንኩት!»

ሆሊስተርና አዲስ አበባ ሰባ ሁለት ዓመት ይራራቃሉ። አንዱ ጋ የተጋነነ ፎቶግራፍ ነበር፤ ሌላው ጋ እውነተኛ ቀማኛ። ያም ሆኖ ሁለቱም ዘንድ ከብረቱ ላይ የተቀመጠውን ሰው ፊት ማንም አላየውም። ድምፁ ቀድሞት ይደርሳል። የአሜሪካ ርካሽ ፊልሞች ከዚያ ፍርሃት ገንዘብ ሠሩበት፤ ከፍርሃቱ ጋር ግን፣ ሳያስቡት ይሁን አስበው፣ የሰውዬውን ፊት በቅርብ አሳዩን። የእኛን ሞተረኛ ፊት ማን አሳየን?

ይህን የምጠይቀው በቅናት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ታየ። ከዚያ ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ» መጣ፤ ስለ ደም መመላለስ ነው፣ ማለትም ሽፍታ ከሚወለድበት ጓሮ። ስሙን ዛሬም የፊልም ሽልማት ተሸክሞታል። መንገዱ ግን ወደዚያ ጓሮ አልቀጠለም። ካሜራ ረክሶ ማንም ሊይዘው የሚችል በሆነበት ዘመን የብዙዎቹ ፊልሞቻችን ታሪክ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ ቪላ፣ ሳሎን፣ ነጭ መኪና፣ የሚያለቅስ ሀብታም። «ገንዘብ የለንም» ይባላል። ኮርማንም አልነበረውም፤ ስለዚህ ደጅ ወጣ። እኛ ገንዘብ ስናጣ የሰው ሳሎን እንከራያለን። ደጃችን ደግሞ እነሆ፦ ከሐዋሳ ወደ ዲላ፣ ወደ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ፤ ጎማ የሚነፋው ልጅ፤ ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣው ሞተር፤ ከኋላ የተቀመጠችው፣ ምናልባትም ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው ሴት።

የአጎቴ ልጅ ሞተሩን ይዞ ወደ ሐዋሳ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ጭኖ ሳይሆን እየነዳ፣ አንድ ቀን ሙሉ። ባለፈው ሳምንት «ኢዚ ራይደር»ን አሳየሁት። ሁለቱ ሰዎች ያንን ሁሉ አገር ሲያቋርጡ ዝም ብሎ አየ። ጓደኞቼ ስለ ነፃነት ይከራከራሉ፤ ልጅቷ «ይኸው፣ አሁንም ሴት የለችበትም» ትላለች። እሱ መሃል ላይ አስቆመንና «ቆይ፣ ቤንዚኑን የሚከፍለው ማነው?» አለ። ኮኬይን ሸጠው ነው አልነው፤ መጀመሪያው ላይ አምልጦት ነበር። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሻሸመኔ ሊደርስ ሲል ቤንዚን ጨርሶ፣ በዝናብ፣ በጨለማ፣ ሞተሩን እየገፋ የሄደበትን ሌሊት ይነግረን ጀመር፤ መንደር በደረሰ ቁጥር ውሻ እንዴት እንደጮኸበት፣ አንድ ዘበኛ ዱላውን ይዞ እንዴት እንደወጣ፣ ኋላም የሚገፋ ሞተረኛ መሆኑን ሲያይ እንዴት ዱላውን አስቀምጦ አብሮት እንደገፋ። ፊልሙን ዘግተን እሱን አዳመጥን።